ስለ መልከ ጥፉ አይሮፕላኖች

፩ ሁለት ምሳሌዎች

ልጆች ሆይ፥ አባቶቻችን ስለ መልክ ሁለት ምሳሌ ትተውልናል። አንደኛው «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» የሚለው ነው። አንደኛው በመልክ አትታለሉ ይላል፤ ሁለተኛው ግን መልክን ተመልክታችሁ ተጠንቀቁ ይላል። ስለዚህ ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ። የትኛው እውነት እንደ ሆነ ለማወቅ ዛሬ በጦርነት ዘመን በጎጃም ሰማይና በሌላውም ዓለም ይበሩ የነበሩትን መልከ ጥፉ አይሮፕላኖች እንመረምራለን።

ነገር ግን ወደ ሰማይ ከማየታችን በፊት በምድር ላይ ያለውን እንይ። ገበሬ የሚያርስበትን ዕቃ ልብ ብላችሁ ተመልክታችኋልን? ሞፈሩ እጅግ ረጅም ነው፤ እርፉ ጎባጣ ነው፤ ድግሩም ከግራና ከቀኝ ተጣብቋል። እርሻ አይቶ የማያውቅ ሰው ይህን ዕቃ በግድግዳ ተደግፎ ቢያየው «ይህ የተጣመመ እንጨት ምንድን ነው?» ብሎ ይስቅ ይሆናል። የደብረ ማርቆስ ዙሪያ ገበሬ ግን አይስቅም፤ የእያንዳንዱን ምክንያት ያውቃልና። ሞፈሩ የረዘመው ከበሬዎቹ ቀንበር እስከ አራሹ ድረስ እንዲደርስ ነው። እርፉ ወደ ላይ የወጣው አራሹ ቆሞ በእጁ ይይዘው ዘንድ ነው። ድግሩም በሁለት ወገን የሆነው ማረሻው የቀደደውን አፈር ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲገፋ ነው።

እንግዲህ የዕቃ ቅርጽ ለጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ጥያቄውን ያላወቀ ሰው በመልሱ ይስቃል። የአይሮፕላንም ነገር እንደዚሁ ነው።

፪ አይሮፕላን እንዴት ይበራል?

አይሮፕላን ከአየር እጅግ የሚከብድ ነገር ነው፤ ታዲያ ስለምን አይወድቅም? ሞተሩ መቅዘፊያውን በኃይል ያሽከረክራል፤ መቅዘፊያውም አየሩን ወደ ኋላ እየገፋ አይሮፕላኑን ወደ ፊት ያስኬደዋል። አይሮፕላኑ ሲሮጥ በክንፉ ላይና በክንፉ ሥር አየር በፍጥነት ያልፋል። ክንፉ የሚያገኘውን አየር ወደ ታች እንዲመልስ ሆኖ ስለ ተሠራ፥ አየሩ በተራው ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህ ግፊት ከአይሮፕላኑ ክብደት በበለጠ ጊዜ አይሮፕላኑ ከምድር ይነሣል።

ክንፉ ሰፊ የሆነ አይሮፕላን በዝግታ እየሮጠ ሊነሣና ሊያርፍ ይችላል። ክንፉ ጠባብ የሆነ ግን እጅግ መሮጥ ይገባዋል። ጥንብ አንሣ በገደል አፋፍ ላይ ረጅም ክንፉን ዘርግቶ ሳያርገበግብ ብዙ ጊዜ ሲንሳፈፍ አይታችሁ ይሆናል፤ ለዚህ የሚያበቃው የክንፉ ርዝመትና ስፋት ነው።

በጎጃም ደጋ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የጮቄ ተራራም ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። የደብረ ማርቆስ አየር በባሕር ጠረፍ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ክንፉን የሚደግፈው አየር ያንሳል፤ ሞተሩም ዳገት እንደሚወጣ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። እንግዲህ በቆላ ያለ ችግር የሚነሣ አይሮፕላን በደጋ ላይ ረጅም ሜዳ ይፈልጋል።

፫ ክንፈ ድርቡ

በነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓመተ ምሕረት ለመጀመሪያ ጊዜ በአየር በርሮ አዲስ አበባ አጠገብ ያረፈው ፖቴዝ የተባለው የፈረንሳይ አይሮፕላን ክንፉ ድርብ ነበረ፤ ይኸውም አንዱ ክንፍ በሌላው ክንፍ ላይ ተደርቦ በመካከላቸው ምሰሶና የሽቦ ማሰሪያ ነበረ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ብዙ አይሮፕላኖች እንዲህ ነበሩ። አንድ ብቻውን የሆነ ቀጭን የእንጨትና የሸራ ክንፍ በቶሎ ይሰበራል፤ ሁለቱ ግን በምሰሶና በሽቦ ሲተሣሠሩ እንደ ቤት ማገርና ወራጅ ይደጋገፋሉ። ደግሞም ክንፉ ብዙ ሳይረዝም ስፋቱ እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ አይሮፕላኑ በዝግታ ማረፍ ይችላል። ጉዳቱ ግን ይህ ነው፤ ምሰሶውና ሽቦው ሁሉ ነፋስ እየያዘ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባለ አንድ ክንፍ የሆኑ፥ ከብረት የተሠሩ፥ እጅግ ፈጣን አይሮፕላኖች መጡ። ያን ጊዜ ክንፈ ድርቡን ያዩ ሁሉ «ይህስ ያረጀ ያፈጀ ነው» ይሉ ጀመር። ነገር ግን ያረጀው የሚፈለግበት ቀን ነበረ፤ ከእነዚያም ቀናት አንዱ በጎጃም ዋለ።

ኢጣልያ በመስከረም 1928 ዓመተ ምሕረት አገራችንን ወረረች። የጎጃም አርበኞች እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፥ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፥ እነ በላይ ዘለቀ በዱር በገደል ሆነው ሲዋጉ ቆዩ። በሰኔ 1932 ኢጣልያ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት በገጠመች ጊዜ ለአርበኞቹ ርዳታ የሚላክበት መንገድ ተከፈተ። በነሐሴ 1932 ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከጥቂት ሰዎች ጋር ከሱዳን ድንበር ተሻግሮ በእግርና በበቅሎ ወደ ጎጃም ገባ፤ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው አዛዥ ከበደ ተሰማም ወደ ጎጃም ዘልቀው ከአርበኞቹ ጋር ተገናኙ። የክረምቱ ወንዝ፥ የቆላው በሽታና የደጋው ዳገት መንገዱን የብዙ ሳምንት መንገድ አደረጉት።

በኅዳር 1933 ዊንጌት የሚባለው የእንግሊዝ መኮንን ከሳንድፎርድ ጋር ሊመካከር ከሱዳን ተነሥቶ በአንድ አሮጌ ክንፈ ድርብ አይሮፕላን ወደ ጎጃም በረረና በፋጉታ ደጋ ላይ አረፈ። ያ ስፍራ የተነጠፈ የአይሮፕላን ማረፊያ አልነበረም፤ ሰዎች ያደላደሉት የተራራ ሜዳ ነበረ እንጂ። ፈጣኑና መልከ መልካሙ አይሮፕላን በእንደዚያ ያለ አጭር ሜዳ ላይ ለማረፍ ቢሞክር ፍጥነቱን ሳያበርድ ሜዳው ያልቅበት ነበር። ዘገምተኛው ክንፈ ድርብ ግን አረፈ፤ ተመልሶም ተነሣ። እነሆ፥ የብዙ ሳምንት መንገድ በጥቂት ሰዓት ታለፈ፤ በጠላት መካከል ተነጥለው የነበሩትም ሰዎች እንዳልተረሱ አወቁ።

እዚህ ላይ ስለ ግመልም ጥቂት እንናገር። አይሮፕላን ጥቂት ስለ ነበረ፥ በጥር 12 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው በገቡ ጊዜ የሠራዊቱ ስንቅና ጥይት በብዙ ሺህ ግመሎች ተጫነ። ግመል ለበረሃ የተፈጠረ እንስሳ ነው፤ ሰፊው እግሩ በአሸዋ ላይ አይሰጥምም፤ ውኃ ሳይጠጣ ብዙ ቀን ይሄዳል። ነገር ግን ወደ ጎጃም ደጋ ሲወጣ ስለታም ድንጋይ እግሩን ቆረጠው፥ ብርዱም ጎዳው። ከግመሎቹም የሚበዙት አለቁ። ይህ የግመል ጥፋት አይደለም፤ ለአንዱ ስፍራ የተሠራውን ለሌላው ስፍራ ያዋለው የሰው ጥፋት ነው። እንግዲህ ማንኛውም ቅርጽ በስፍራው ሲሆን ይከብራል፤ ያለ ስፍራው ሲሆን ግን ይጎዳል።

፬ የገመድ ዘንቢል

በዚያው በ1933 ዓመተ ምሕረት ከእኛ እጅግ በራቀ ባሕር ላይ ሌላ ክንፈ ድርብ አይሮፕላን ስሙን አስጠራ። ይህ አይሮፕላን ሶርድፊሽ ይባላል። በሸራ የተሸፈነ፥ ሽቦ የበዛበት፥ አብራሪዎቹም ጣራ በሌለው ጉድጓድ ውስጥ ነፋስ እየመታቸው የሚቀመጡበት ነበረ። የገዛ ነጂዎቹ እንኳ «የገመድ ዘንቢል» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት፤ ሴቶች ገበያ ሲወጡ ያገኙትን ሁሉ እንደሚከቱበት ዘንቢል ማንኛውንም ዓይነት ጭነት ይሸከም ነበርና።

ጀርመኖች ደግሞ ቢስማርክ የሚባል እጅግ ታላቅ የጦር መርከብ ነበራቸው። ቢስማርክ አንዱን ታላቅ የእንግሊዝ መርከብ በጥቂት ደቂቃ አስጥሞ ነበር። በግንቦት 18 ቀን 1933፥ ይኸውም ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡ በሦስተኛው ሳምንት፥ እነዚያ ሶርድፊሾች አርክ ሮያል ከተባለው መርከብ ላይ ተነሥተው በማዕበልና በደመና መካከል ወደ ቢስማርክ በረሩ። እያንዳንዱም ቶርፔዶ የሚባል በውኃ ውስጥ እየሄደ መርከብ የሚመታ ፈንጂ ታጥቆ ነበር። አንዱ ቶርፔዶ የቢስማርክን መሪ መትቶ አጣመመው። መሪው የተበላሸበት ታላቅ መርከብ ወደሚፈልገው መሄድ ስላልቻለ በማግሥቱ የእንግሊዝ መርከቦች ደርሰው ከበቡት፤ ሰጠመም።

ሶርድፊሽን ማን ይፈራው ነበር? ዘገምተኛ ነውና ማንም አይፈራውም ነበር። ነገር ግን በሚናወጥ መርከብ ላይ ለመነሣትና ለማረፍ የሚያስፈልገው ይኸው ዝግታው ነበረ።

፭ እንደ ቅርጫት የተሠራው

አሁን ደግሞ ወደ ጎጃም እንመለስ። በ1933 ዓመተ ምሕረት በጎጃም የነበሩትን የጠላት ምሽጎች ይደበድቡ ከነበሩት የእንግሊዝ አይሮፕላኖች አንዱ ዌልስሊ የሚባለው ነበረ። ዌልስሊን ያየ ሰው ሦስት ነገር ያስገርመው ነበር።

መጀመሪያ፥ ክንፉ ከመጠን ያለፈ ረጅም ነበረ። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ 12 ሜትር ያህል ሲሆን፥ ክንፉ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ22 ሜትር ይበልጥ ነበር። ሁለተኛ፥ ይህን ያህል ትልቅ ሆኖ ሳለ ሞተሩ በአፍንጫው ላይ ያለው አንዱ ብቻ ነበረ። ሦስተኛ፥ ቦምቡን በሆዱ ውስጥ አይዝም ነበር፤ እንደ አህያ ጭነት በግራና በቀኝ ክንፉ ሥር በተንጠለጠሉ ሁለት ሣጥኖች ይሸከም ነበር እንጂ።

ይህ ሁሉ ስለምን ሆነ? የዚህን አይሮፕላን አጥንት ያሰበው ባርነስ ዋሊስ የሚባል ብልኅ የእንግሊዝ መሐንዲስ ነው። ዋሊስ አስቀድሞ በጋዝ ተሞልቶ በሚንሳፈፍ ታላቅ የአየር መርከብ ሥራ ላይ ነበረ፤ ከዚያም ቀላልና ብርቱ የሆነ አጥንት እንዴት እንደሚሠራ ተማረ። የአይሮፕላኑን ገላ በጥቂት ወፍራም ብረት አላቆመውም፤ ብዙ ቀጫጭን የብረት ዘንጎችን እንደ ቅርጫት አገዳ አጠላልፎ ሠራው፤ በላዩም ሸራ አለበሰው። እናቶቻችን ቅርጫት ሲሠሩ አንዱ ስንጥር ለብቻው በልጅ እጅ የሚሰበር ነው፤ ሁሉም ከተጠላለፉ በኋላ ግን ቅርጫቱ ብዙ እህል ይሸከማል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ይህ ነው።

እንግዲህ የተጠላለፈው አጥንት ቀላልና ብርቱ ስለ ሆነ ክንፉን ማስረዘም ተቻለ። ክንፉ ስለ ረዘመ አንድ ሞተር ብቻ በጥቂት ነዳጅ ሩቅ አገር ሊያደርሰው ቻለ። የቅርጫቱ ሆድ ተቀዶ በር ቢወጣለት ግን እንዳይደክም ተፈራ፤ ስለዚህ ቦምቡ በውጭ በሣጥን ተንጠለጠለ። ያስገረሙን ሦስቱ ነገሮች ከአንድ ምክንያት የተወለዱ ናቸው ማለት ነው።

የዚህም ሥራ ፍሬ በጥቅምት 1931 ዓመተ ምሕረት ታየ። ሦስት ዌልስሊዎች በግብፅ አገር ከምትገኘው ከኢስማኢሊያ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ በረሩ። ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ያህል ምድር ሳይነኩ በረው ሁለቱ በአውስትራልያ አገር ዳርዊን ከምትባል ከተማ ደረሱ። የበረሩት መንገድ ከ11,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነበረ፤ በዚያም ዘመን እንደዚህ ያለ ሩቅ መንገድ ሳያርፍ የበረረ ሌላ አይሮፕላን አልነበረም። ሦስተኛውም ነዳጁ እንዳያልቅበት በቲሞር ደሴት ላይ ለማረፍ ግድ ሆነበት። ከሁለት ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ካለፈ በኋላ የዚሁ ዘር የሆኑ አይሮፕላኖች በጎጃም ሰማይ ላይ ታዩ። በዚያ ጊዜ አዳዲስ አይሮፕላኖች በፍጥነት በልጠውት ስለ ነበረ ዌልስሊ እንደ አሮጌ ይቈጠር ነበር። ነገር ግን ነጻነት እስኪመለስ ድረስ ሥራውን አላቋረጠም። በመጋቢት 28 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

፮ ጎኑ የተዛነፈው

ከመልከ ጥፉዎች ሁሉ የሚያስገርመው ግን በጀርመን አገር የተሠራው ነው። ብሎም ኡንድ ፎስ የተባለው ፋብሪካ 141 የሚል ቁጥር የሰጠው ይህ አይሮፕላን በ1930 ዓመተ ምሕረት ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ሰውና ወፍ፥ በሬና ዓሣ፥ ግራና ቀኛቸው እኩል ነው። የዚህ አይሮፕላን ግራና ቀኝ ግን እኩል አልነበረም። ሞተሩና ጅራቱ በአንድ ግንድ ላይ ሆነው ወደ ግራ ተገፍተው ነበር፤ ሰዎቹ የሚቀመጡበት በመስተዋት የተከበበ ክፍል ደግሞ ለብቻው ተነጥሎ በቀኝ ክንፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ያዩት ሁሉ «ይህ አንድ ጎኑ ይከብደዋል፤ ተገልብጦ ይወድቃል» ብለው አሰቡ። እርሱ ግን በደኅና በረረ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የተፈለገው አይሮፕላን የጠላትን ሠራዊት ከላይ ሆኖ የሚሰልል ነበረ፤ ሰላይ ደግሞ ፊቱንም ጎኑንም ኋላውንም ማየት ያስፈልገዋል። ሞተር ከፊቱ ቢቀመጥ ዓይኑን ይጋርደዋል። ስለዚህ መሐንዲሱ ሪቻርድ ፎግት ሞተሩን ከሰላዩ ፊት አንሥቶ ወደ ጎን አደረገው። ደግሞም መቅዘፊያ ወደ አንድ ወገን ሲሽከረከር አይሮፕላኑን ወደ ሌላው ወገን ሊያጋድለው ይሞክራል፤ በጎን የተቀመጠው ክፍል ክብደት ይህን ማጋደል እንዲመልስ ተደርጎ ተሰላ።

ሆኖም ይህ ብልኀተኛ አይሮፕላን ብዙ ሥራ ሳይሠራ ቀረ። የሚያስፈልገው ብርቱ ሞተር ለሌሎች ተዋጊ አይሮፕላኖች ተፈለገ፤ ለስለላም ሌላ አይሮፕላን ተመረጠ። ከ30 ያነሱት ብቻ ተሠርተው ቀሩ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። እንግዳ የሆነ ሁሉ ስሕተት አይደለም፤ ትክክል የሆነም ሁሉ አይቀናውም።

፯ የሰማይ ላም

ልጆች ሆይ፥ እስከ አሁን በመልክ መፍረድ ሞኝነት እንደ ሆነ ተናገርን። ታዲያ «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» ያሉት አባቶች ተሳስተዋልን? ይህን ለመመለስ አንድ አይሮፕላን ቀርቶናል፤ እርሱም በአገራችን ሰማይ ላይ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ነው።

ካፕሮኒ 133 የሚባል የኢጣልያ አይሮፕላን ነበረ። ገላው እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን፥ እግሮቹ ወፋፍራምና የማይታጠፉ፥ ክንፉም ከላይ እንደ ጣራ የተጫነበት ነበረ። ሦስት ሞተሮች ነበሩት፤ አንዱ በአፍንጫው ላይ፥ ሁለቱ በክንፎቹ ሥር። ኢጣልያኖች ራሳቸው «ላም» ብለው ይጠሩት ነበር፤ የፋብሪካው ስም ከፍየል ስም ጋር ስለሚመሳሰልም «ትልቋ ፍየል» እያሉ ይሣለቁበት ነበር።

የዚህም ቅርጽ ምክንያት ነበረው። ገላው ሣጥን የሆነው ሰውንም ጭነትንም እንዲይዝ ነው። ክንፉ ከላይ የሆነው መቅዘፊያዎቹ ድንጋይና ቁጥቋጦ እንዳይነኩ፥ ውስጥ ያሉትም ሰዎች ምድርን ወደ ታች እንዲያዩ ነው። እግሮቹ የወፈሩት ባልተስተካከለ ሜዳ ላይ እንዳይሰበሩ ነው። ሦስት ሞተር የሆነውም አንዱ ቢጠፋ ሁለቱ እንዲሸከሙት ነው። እንግዲህ በሥራው ከተመዘነ ካፕሮኒ ሞኝ ዕቃ አልነበረም፤ ማረፊያ ለሌለበት ለተራራ አገር በሚገባ የተሠራ ነበረ።

ነገር ግን ምን አደረገ? ላም ለጎጃም ገበሬ የወተትና የቅቤ እናት ናት፤ ልጆቹ የሚያድጉት በእርስዋ ነው። የሰማዩ ላም ግን የመጣው ወተት ይዞ አልነበረም። ካፕሮኒና ሌሎቹ የኢጣልያ አይሮፕላኖች በ1928 ዓመተ ምሕረት ጦርነት፥ ከዚያም በኋላ በነበሩት የወረራ ዓመታት፥ በሠራዊትና በመንደር ላይ ቦምብ ጣሉ። ከታኅሣሥ 1928 ጀምሮም የኢጣልያ አይሮፕላኖች በተከዜ ወገንና በሌላውም የጦር ግንባር የመርዝ ጋዝ አወረዱ። ይህ መርዝ የሰውን ቆዳ ያቃጥላል፥ ዓይን ያሳውራል፥ ሳንባን ያቈስላል። በመርዝ ጋዝ መዋጋት አስቀድሞ በ1917 ዓመተ ምሕረት በጄኔቭ በተፈረመው ውል የተከለከለ ነበረ፤ ኢጣልያም በዚያ ውል ገብታ ነበር። እረኛው ከብቱን፥ እናት ልጅዋን ይዛ ወዴት ትሸሽ? ከምድር ጠላት ወደ ተራራ ይሸሻል፤ ከሰማይ ጠላት ግን መሸሸጊያው ዋሻና ጫካ፥ መሄጃውም ሌሊት ብቻ ነበረ።

አሁን ልብ በሉ። ይኸው ካፕሮኒ 133 ሌላ ሥራም ነበረው። ለተራበ የጦር ሰፈር ስንቅ ያደርስ ነበር። ሕሙማንና ቍስለኞች የሚወሰዱበት ሆኖ የተዘጋጀም ነበረ። ቦምብ የጣለውና ቍስለኛ የተሸከመው አንድ ዓይነት ገላ፥ አንድ ዓይነት ክንፍ፥ አንድ ዓይነት ሦስት ሞተር ነበራቸው። ከምድር ሆኖ የሚያይ ልጅ በመልካቸው ሊለያቸው አይችልም ነበር። የሚለያያቸው በውስጣቸው የተጫነው ነገርና የላካቸው ሰው አሳብ ነበረ።

፰ ሦስት ጥያቄዎች

በሐምሌ 1932 ዓመተ ምሕረት ከሱዳን የተነሡ አይሮፕላኖች በኢትዮጵያ ምድር ላይ ሌላ ነገር ጣሉ። የጣሉት ወረቀት ነበረ። በወረቀቱም ላይ የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ በአማርኛ ታትሞ ማኅተማቸው ተቀርጾበት ነበር። አስቡ፤ አራት ዓመት ከሰማይ እሳት ሲወርድበት የኖረ ሕዝብ የአይሮፕላን ድምፅ በሰማ ጊዜ ልቡ ምን ይሆን? ነገር ግን ያን ጊዜ የወረደው ቃል ነበረ። ያንን ቃል ለመቀበል ጋሻ አላስፈለገም፤ ፊደል የቈጠረ ሰው አስፈለገ እንጂ። ያነበበ ላላነበበው ነገረው፤ ተስፋም ከሰው ወደ ሰው አለፈ። እናንተም ዛሬ በዚህ መጽሐፍ ላይ ፊደል የምትለቅሙት እንደዚያ ያለ ቀን በመጣ ጊዜ ለሌላው ታነቡለት ዘንድ ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ምሳሌዎች እንዴት ይታረቃሉ? «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» የተባለው ስለ ዕቃ ዓይነት ነው። የድርቡ ክንፍ፥ የቅርጫቱ አጥንት፥ የተዛነፈው ጎን፥ ሁሉም ዓይንን ባያስደስቱ ሥራቸውን ሠርተዋል። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» የተባለው ግን ስለ መጥፎ ሥራ ምልክት ነው፤ ከወደ ሩቅ መጥፎነቱ የታየ ነገር በቀረበ ጊዜ በእርግጥ ይጎዳል። ካፕሮኒን ያስጠላው ሣጥን የሆነው ገላው አልነበረም፤ ከዚያ ሣጥን የወረደው ሞት ነበረ። ያ ሞት ከወርቅ ከተሠራ፥ እንደ ርግብ ካማረ አይሮፕላን ቢወርድም ኖሮ ያው ሞት በሆነ ነበር።

ስለዚህ እንግዳ የሆነ ዕቃ ባያችሁ ጊዜ ከመሣቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። መጀመሪያ፥ ይህ ለምን ሥራ ተሠራ? ሁለተኛ፥ ለዚያ ሥራ እንዲህ ሆኖ መሠራቱ ስለምን ነው? ሦስተኛ፥ አሁን በማን እጅ ነው፤ ለምንስ ያውለዋል? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች የሚመልስ ሰው መሐንዲስ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛውን ሳይረሳ የሚጠይቅ ግን ጎረቤቶቹ ያለ ፍርሃት የሚኖሩበት ሰው ይሆናል።

ከእናንተ መካከል አንዳንዶቹ አድገው ሞተር የሚፈቱ፥ ብረት የሚቀጠቅጡ፥ ምናልባትም አይሮፕላን የሚያበሩ ይሆናሉ። ያን ጊዜ የሠራችሁት ዕቃ አላማረም ብለው ሰዎች ቢሥቁባችሁ አትዘኑ፤ የፋጉታንም ክንፈ ድርብ አስታውሱ። ነገር ግን ዕቃው አምሮ ሰዎች ሁሉ ቢያመሰግኑት፥ ወደ ማን መንደር እንደሚሄድና ምን እንደ ተጫነበት ሳትጠይቁ አትስደዱት።